በበር ያልገባ ማስረጃ

ባለፈው ሳምንት በክርክር ክበባችን የቀረበው ጥያቄ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በዳኛ ፊት ሊቀርብ ይገባልን?» የሚል ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። «ይገባል» የሚለው ወገን በአንደበቱም በቀልዱም በረታ፤ እጅ ሲቆጠርም ረታ። እኛ በዚያ ምሽት ከተረቱት ወገን ነን። ነገር ግን በጭብጨባ የተረታ ነገር ሁሉ በእውነት የተረታ ስላልሆነ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልንናገረው ያልቻልነውን ዛሬ በጽሑፍ እናቀርባለን። የጭብጨባው ባለቤቶችም እንደ ወንድምና እንደ እኅት ታግሠው እንዲያነቡን እንለምናለን።

የረቺዎቹ ቃል ባጭሩ ይህ ነበር፤ «ሌባው ከነዕቃው ተይዟል። ዕቃው እውነተኛ ዕቃ ነው፤ ሌባውም እውነተኛ ሌባ ነው። ታዲያ ዕቃው በምን መንገድ እንደ ተገኘ መጠየቅ ለማን ይጠቅማል? ከሌባው በቀር ለማንም!» ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል። ለዚሁ ጥያቄ መልስ የሰጠ አንድ ታላቅ ፍርድ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈርዷል። በክርክሩ ምሽት ብዙዎች የፍርዱን ስም ጠሩ፤ ታሪኩን የነገረን ግን አንድም አልነበረም። እንግዲህ ታሪኩን እናስቀድም። (የአሜሪካውን ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።)

ሜይ 23 ቀን 1957 በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ሦስት ፖሊሶች ወደ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ቤት ሄዱ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዶልሪ ማፕ ይባላሉ። ፖሊሶቹ በአንድ የቦምብ አደጋ ምክንያት የሚፈለግ ሰው እዚያ ተደብቋል የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። ወይዘሮዋ ለጠበቃቸው ስልክ ደወሉ፤ ጠበቃውም እንደ መከሯቸው «የመበርበሪያ ትእዛዝ ካላመጣችሁ አልከፍትም» አሉ። ፖሊሶቹ ቤቱን ከብበው ቆዩ። ሦስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሌሎች ፖሊሶች ተጨመሩና በሩ በኃይል ተከፈተ። ጠበቃው በዚያው ሰዓት ደርሰው ነበር፤ ግን ወደ ቤቱ እንዳይገቡ፣ ደንበኛቸውንም እንዳያዩ ተከለከሉ።

ወይዘሮዋ ትእዛዙን አሳዩኝ ብለው ሲጠይቁ አንዱ ፖሊስ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እሳቸውም ቀምተው በደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ፖሊሶቹ ታግለው ወረቀቱን አስመለሱ፤ «አስቸገረች» ብለውም እጃቸውን በካቴና አሠሩ። ከዚያ በኋላ መኝታ ክፍሉ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ሻንጣው፣ የፎቶግራፍ አልበሙ፣ የልጃቸው ክፍል፣ ማድ ቤቱ፣ ምድር ቤቱ ሁሉ ተገለበጠ። በመጨረሻ በአንድ ሣጥን ውስጥ ለሥነ ምግባር ነውር ናቸው የተባሉ መጻሕፍትና ሥዕሎች ተገኙ። ወይዘሮ ማፕ የተከሰሱት በነዚህ መጻሕፍትና ሥዕሎች ነው፤ ስለ ቦምቡ አይደለም። ከ1 እስከ 7 ዓመት እሥራትም ተፈረደባቸው።

ያ ወረቀትስ? በችሎት አልቀረበም። ለምን እንዳልቀረበም የተናገረ የለም። የኦሃዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ማስረጃው ከገላቸው ላይ በጭካኔ ኃይል የተወሰደ አይደለም ብሎ በ1960 ፍርዱን አጸናው። የመበርበሪያ ትእዛዝ ኖረም አልኖረም በግዛቲቱ ሕግ ማስረጃው ይጸና ነበርና።

ነገሩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ አንድ የቆየ ስንክሳር አገኙ። ይኸው ፍርድ ቤት ገና በ1914 የማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ያለ ሕግ በርብረው ያገኙትን ማስረጃ ከማዕከላዊው ፍርድ ቤት ደጃፍ መልሶ ነበር። በ1949 ደግሞ ከሕገ ወጥ ብርበራ የመጠበቅ መብት የየግዛቱንም ፖሊሶች ያስራል አለ፤ ነገር ግን መብቱ ቢጣስ ማስረጃው ይውደቅ ለማለት አልደፈረም። መብቱን ሰጥቶ ጠባቂውን ነፈገ። በዚህ ምክንያት አንድ ማስረጃ በአንደኛው ችሎት ነውር፣ በጎዳናው ማዶ ባለው ችሎት ሕጋዊ ሆኖ ኖረ።

ጁን 19 ቀን 1961 ይህ አበቃ። ስድስት ዳኞች ለወይዘሮ ማፕ ፈረዱ፤ ሦስቱ ተቃወሙ። ከስድስቱም አንዱ በሌላ ምክንያት ስለ ፈረዱ፣ አዲሱን ደንብ ያቆሙት አምስት ብቻ ነበሩ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቶም ክላርክ ናቸው። የቃላቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በየትኛውም ግዛት ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ማስረጃው ከቀረበ መብቱ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ወንጀለኛው የሚለቀቅ ከሆነም የሚለቀው ሕጉ ራሱ ነው፤ መንግሥትንም የራሱን ሕግ ከመናቅ ይልቅ ፈጥኖ የሚያፈርሰው ነገር የለም።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን ክርክር እንመለስ። ሦስት ነገር ተናገሩ፤ ሦስቱንም እንመልሳለን።

አንደኛው «በዚህ ደንብ ወንጀለኛ ያመልጣል» የሚለው ነው። ያመልጣል፤ አንዳንዴ ያመልጣል፤ ይህን አንክድም። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ፖሊሱ ሕጉን ከመጀመሪያው አክብሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ወይ ከዳኛ ዘንድ ትእዛዝ አውጥቶ ማስረጃውን በሕግ ያገኘው ነበር፤ ወይ ዳኛውን የሚያሳምን ምክንያት አጥቶ ወደዚያ ቤት ሳይገባ ይቀር ነበር። ስለዚህ ወንጀለኛው ያመለጠው ማስረጃውን በመለሰው ዳኛ ምክንያት አይደለም። ብርበራውን የከለከለው ሕግ አስቀድሞ ያን ዋጋ ተቀብሎታል። ዋጋው ከበደን የሚል ሰው ደፍሮ «ፖሊስ በፈለገው ሰዓት ወደ ማንም ቤት ይግባ» ብሎ ሕጉ ይሠረዝ ዘንድ ይጠይቅ። ሕጉን በአደባባይ እያከበሩ በጓሮ ማፍረስ ግን የጨዋ ሰው ሥራ አይደለም።

ደግሞም ወንድሞቻችን የሚቆጥሩት አንድ ነገር የተገኘበትን ቤት ብቻ ነው። ምንም ያልተገኘበትስ ቤት? ሌሊት በሩ ተሰብሮ፣ ሌማቱ ተገልብጦ፣ ሕፃኑ ጮኾ፣ ባልቴቷ ደንግጠው፣ በመጨረሻ «ምንም የለም» ተብሎ የተተወው ቤት የት ይቆጠራል? ክስ ስለሌለ መዝገብ የለውም። መዝገብ ስለሌለውም ዳኛ አያየውም። ዳኛ የሚያየው ሁልጊዜ ጥፋተኛውን ነው፤ በጥፋተኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን የሚጠብቀው መዝገብ የሌለውን ያን ንጹሕ ቤት ነው። የተከበረው የወይዘሮ ማፕ በር የጎረቤታቸውም በር ነው።

«ማስረጃው እውነት ከሆነ መንገዱ ምን ይሠራል?» ለሚሉንም የአባቶቻችንን ሌባ ሻይ እናስታውሳቸዋለን። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። ሰክሮ እየሮጠ ከገባበት ቤት ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ተባለ። መቼም ከዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ሌባ ሳይገኝ አልቀረም። ታዲያ ሌባ ሻይ ለምን ቀረ? በስተመጨረሻ ሌባ ስለ ተገኘ ብቻ መንገዱ ቀና ስለማይባል ነው። ያለ ዳኛ ትእዛዝ በጥርጣሬ ብቻ እየሮጠ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ሰው፣ መለዮ ቢለብስም ከዚያ ልጅ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ክርክራቸው «ፖሊሱ ይቀጣ እንጂ ማስረጃው አይጣል» የሚል ነው። ከሁሉ የረቀቀው ይህ ነበርና በአክብሮት እንመልስለት። አንዱ ተከራካሪ የእንግሊዝን ምሳሌ አመጡ። በ1762 የንጉሡ መልእክተኞች የጸሓፊውን የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገብተው ወረቀታቸውን ወሰዱ። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን የሚኒስትሩ ትእዛዝ የሕግ መሠረት የለውም ብለው ፈረዱ፤ ኤንቲክም 300 ፓውንድ ካሣ ተፈረደላቸው። መልካም ፍርድ ነው፤ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን ኤንቲክ ስማቸው የታወቀ፣ ብዕር የያዙ ሰው ነበሩ። ጉሊት የምትቸረችረው እናት ፖሊስ ከሳ ካሣ ትቀበላለች ብሎ የሚያምን ሰው በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ! ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማንስ ይመሰክርላታል? አብሮት በሩን የሰበረው ባልደረባው? ክሱንስ የሚመሠርተው ማን ነው? ፖሊሱ ባመጣው ማስረጃ ትናንት የረታው ዐቃቤ ሕግ?

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለብዙ ዘመን ያንኑ የወንድሞቻችንን መንገድ ሲከተል ኖሮ፣ በ1955 ሌላው መፍትሔ ሁሉ ፖሊስን ሕግ ሊያስከብረው እንዳልቻለ ተናግሮ መንገዱን ለወጠ። ዳኛ በቀኝ እጁ ፖሊሱን እየገሠጸ በግራ እጁ ማስረጃውን ቢቀበል፣ ፖሊሱ የሚያየው የግራውን እጅ ነው። ተግሣጹ ነገ ይረሳል፤ ማዕረጉ ግን ይቀራል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ነው። «ይህ የአሜሪካ ቅንጦት ነው፤ ለእኛ አገር አይሆንም» አሉ፤ ጭብጨባውም እዚህ ላይ ደራ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ሲጮኽበት ሯጩ የሚቆምበት አገር፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ነጠላቸውን አቋጥረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት አገር፣ ሕግ ለእርሱ ቅንጦት ነው አይባልም። በወረቀትም ቢሆን እንግዳ አይደለንም። የ1923ቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ በቀር የሰው ቤት እንዳይፈተሽ ይከለክል ነበር። የ1948ቱም ደገመው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ገላ፣ መኖሪያ ቤቱና ንብረቱ ከመበርበር፣ በእጁ ያለውም ንብረት ከመያዝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል።

የሚያስገርመውም ይህ ነው። የወይዘሮ ማፕ ፍርድ ከተሰጠ አምስት ወር ሳይሞላው፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የእኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። አንቀጽ 32ንና 33ን የከፈተ ሰው የሚያነበው ይህን ነው። ያለ መበርበሪያ ትእዛዝ ቤት አይበረበርም፤ ከዚህ የሚወጣው እግር በእግር ሲከታተሉት ወደ ቤት የገባ ወንጀለኛ ሲኖር፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ትእዛዝ እስኪመጣ ሊሸሽ ነው የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መናገር አለበት፤ ከተጻፈው በቀር ሌላ አይያዝም። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። የተያዘን ሰው ገላ የሚፈትሸውም በጾታ የሚመስለው ይሁን ይላል።

ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፋል? ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ይህ ሁሉ ቢጣስ በብርበራው የተገኘው ነገር ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚናገር አንቀጽ የለውም። ልክ በ1949 የአሜሪካ ዳኞች እንደ ቆሙበት ቦታ ቆሞ ቀረ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል፤ በአንቀጽ 26 ግን ስለ ተገድዶ ስለ ተከፈተ ሣጥን እንዲህ ያለ ቃል አልጨመረም። አፍን በኃይል መክፈት ዋጋ ካሳጣ፣ በርን በኃይል መክፈት እንዴት ዋጋ ያሰጣል?

መጣሱ ዋጋ የማያስከፍል ሕግ ምክር ነው። ምክር ደግሞ በክፉ ቀን አይሰማም። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ትእዛዝ፣ ሰዓትና ዝርዝር የሚሉት አንቀጾች በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ነበሩ ነበሩ። የታጠቁ ሰዎች ግን በየቤቱ ገቡ፤ የሚፈለገውም ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ይፈለግ ነበር። ይህን ገጽ የምናባዛበት ዓይነት መኪና በዚያ ዘመን የሞት ምክንያት ነበር። የማስረጃው በር ተዘግቶ ቢሆን ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር አንልም፤ ነፍጥ የያዘው ዳኛ መቼ ጠየቀና! ነገር ግን ፖሊስም ዳኛም ሕዝብም በሰላም ቀን ያልለመዱት ሕግ በመከራ ቀን ከየት ይመጣል?

የአሜሪካውም ፍርድ ፍጹም ነው አንልም። ያው ፍርድ ቤት በ1984 ፖሊሱ ስሕተት ያለበትን ትእዛዝ ቅን ልቡና ይዞ ካመነ ማስረጃው ይጽና አለ። በ2006 በር አንኳኩቶ ራስን የማስታወቅ ደንብ ቢጣስም ማስረጃው አይወድቅም አለ። በ2016ም አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ከፈተ። ይህን ያነሣ ተከራካሪ «አያችሁ፣ እነሱም ተጸጸቱ» ብሎን ነበር። እኛ ግን የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የተገኘ መብት ጠባቂ ካጣ ቀስ በቀስ ይሸራረፋል። ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንምጣ። በዚህ ዓመት አንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሰዎች ወደ አንዱ መኝታ ቤታችን ገብተው ቁም ሣጥኖቻችንን አስከፈቱ። ጠፋ የተባለ ዕቃ ይፈለጋል አሉ። አንድ ጓደኛችን «ወረቀት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ «ወረቀት የሚጠይቅ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው» የሚል ነበር። ጠፋ የተባለው ዕቃ አልተገኘም። የጓደኛችን ሁለት ደብተሮችና ከእናቱ የመጣ አንድ ደብዳቤ ግን ተወሰዱ። ዝርዝር አልተጻፈም፤ የፈረመም የለም፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። በክርክሩ ምሽት አጥብቀው ካጨበጨቡት መካከል በዚያ ሌሊት ሻንጣቸው የተገለበጠ ልጆች ነበሩ። ልንነቅፋቸው አይደለም፤ ሰው በደሉን እስኪለምደው ድረስ እንደሚደርስ ለማሳየት ነው።

«መኝታ ቤቱ የተቋሙ እንጂ የእናንተ አይደለም» እንባላለን። ግድግዳው የተቋሙ ይሁን። ሻንጣው፣ ደብተሩና የእናት ደብዳቤ ግን የማን ናቸው? ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ በእጃችን ያለውን ንብረትና የምንጻጻፈውንም ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሕግ አውጪዎች «በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም» የሚለውን ቃል ለትርጉም ሳይተዉ በግልጽ ይጻፉልን። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ዳኞች ኤግዚቢት በጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ «ይህ ምንድን ነው?» ከማለታቸው በፊት «ይህ እንዴት መጣ?» ብለው ይጠይቁልን። ሦስተኛው ለራሳችን ነው፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ዝርዝሩና ስለ ፊርማው የተጻፈውን እያንዳንዱ ተማሪ ይወቅ። ክረምት ወደ አገሩ ሲገባም ለአባቱ፣ ለእናቱና ለጎረቤቱ ያስረዳ። መብቱን የማያውቅ ሰው ቢከለክሉት እንኳ መከልከሉን አያውቅም።

የረቺው ወገን ወንድሞቻችን መልስ ካላቸው ይጻፉ። የዚህ ጋዜጣ ገጽ ለእነሱም ክፍት ነው፤ ስቴንሲሉንም እኛው እንመታላቸዋለን። ደብተሮቹንና ደብዳቤውን የወሰዱት ሰዎች ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያነቡ እንደሆነ፣ ለባለቤቱ በቀን፣ በበሩ አንኳኩተው ይመልሱለት።